የግቢያችን ሣር መድረሻው የከብት አፍ ነው

(ደሴ ላይ ለግቢ ባለቤቶችና ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት አትክልተኞች የተደረገ ንግግር። የተወሰኑ ጥያቄና መልሶች መጨረሻ ላይ ተካተዋል።)

እንዴት ዋላችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ እህትና ወንድሞቼ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የኔ ሥራ እንስሳትን ማከም ነው። ስለ ሣር እንድናገር ስትጠሩኝ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው። ክረምት ሲወጣ ወደ ክሊኒክ ከሚመጡት በጎች፣ ውሾችና ዶሮዎች መካከል በሽታ ሳይኖርባቸው የታመሙ አሉ። የጎዳቸው ሰው ግቢዬን ላሳምር ብሎ ሣሩ ላይ የበተነው ነገር ነው። ይሄ ደግሞ ከእንስሳ ሞት ሁሉ የሚያንገበግበኝ ነው። ምክንያቱም በቀላሉ መቅረት ይችል ነበር።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የለም። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይሰነብታል። መስከረም ላይ ግቢያችሁን ዞር ዞር ብላችሁ ስታዩ ከቤቱ ጀርባ፣ ከጥዱ ሥር፣ ከአሸንዳው መውረጃ አጠገብ ሣሩ ሳስቷል። በቦታው አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ መሬት ላይ የተለጠፈ ነገር ገብቷል። ሲረግጡት ውሃ ያወጣል። ድንጋይ ላይ ሲሆን ያዳልጣል። አንዳንዱ ሽበት ይለዋል፣ አንዳንዱ ሻጋታ ይለዋል። እኔ ሞስ እያልኩ ልቀጥል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ፀሐዩም ሙቀቱም ስለሚበረታ ችግሩ ይቀላል። እኛ ግን ብርድና ጉም አለን። ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ በልግ ይመጣል። የወሎ ደጋ በዓመት ሁለቴ ይረጥባል ማለት ነው። ሞሱም ሁለቴ ይደሰታል።

ታዲያ ሁሌ የምጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ምን ልርጭበት?»

እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ። ይህን ሣር ማን ነው የሚበላው?

ስለ ሞስ ማጥፊያ በውጭ አገር የሚጻፈው ምክር ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ሣር ለዓይን ብቻ ለሚበቅልበት ቤት የተጻፈ ነው። እዚያ «እንስሳ» ሲባል ውሻና ድመት ነው። «እስኪደርቅ ድረስ ውሻዎን ቤት ውስጥ ያቆዩ» ይላል፤ በቃ። የታጨደው ሣር ወደ ቆሻሻ ወይም ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይሄዳል።

እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። ግቢው ውስጥ ዶሮ ትጭራለች። ለአረፋ ወይም ለፋሲካ የተገዛው በግ እዚያው ሜዳው ላይ ታስሮ ይሰነብታል። የጎረቤት ጥጃ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቱን ያስገባል። የትምህርት ቤቱና የመሥሪያ ቤቱ ሣር ደግሞ ሲታጨድ ዝም ብሎ አይጣልም። አጫጁ አስሮ ተሸክሞት ይሄዳል፣ ለላም ይሰጣል ወይም ይሸጠዋል። ጥሩ ጥሩው ተመርጦ ቡና ሲፈላ ይጎዘጎዛል፤ እዚያ ላይ ሕፃን ይድሃል፣ ቆንጥሮም አፉ ይከተዋል። ስለዚህ የግቢያችን ሣር ላይ የምናፈሰው ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ አፍ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው የውጩን ምክር እንዳለ መገልበጥ የማይሆነው።

አሁን ወደ ሞሱ ልምጣ።

ሞስ ሻጋታ አይደለም። የሻጋታ መድኃኒት ገዝታችሁ ብትረጩበት ብር ማባከን ነው። ሞስ ራሱን የቻለ ዕፅ ነው። ግን ሥር የለውም። እንደ ስፖንጅ በመላ አካሉ ውሃ ይጠጣል። ፍሬም የለውም። ከዱቄት የደቀቀ ዘር መሳይ ብናኝ ወደ ነፋስ እየለቀቀ ነው የሚራባው። ብናኙ በየቦታው ስላለ ከግቢ ውጭ ማስቀረት አይቻልም።

ዛሬ ወደ ቤት ስትመለሱ በጣታችሁ ቆንጥጣችሁ አንሱት። ያለምንም ትግል ተልጦ ይነሳል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። እያንዳንዱ ግንድ ከጥፍር የማይረዝም ነው፤ ዙሪያውን ጥቃቅን ቅጠሎች ከበውታል። ከታቹ ቡናማ ቀጫጭን ክሮች አሉ። መሬቱን ቆንጥጠው ይይዙታል እንጂ ምግብ አይስቡለትም። አሁን ደግሞ ያነሳችሁበትን መሬት ንኩት። ጠንካራ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ ይቀዘቅዛል። ጣት አይገባበትም። ጣት ያልገባበት መሬት ላይ የሣር ሥር እንዴት ይገባል? የሞሱ ታሪክ ያለው እዚያ ጋ ነው።

ያነሳችሁትን ቁራጭ መስኮት ላይ አስቀምጡት። ከቀናት በኋላ ኩርምት ብሎ ይደርቃል። የሞተ ይመስላል። ውሃ ጠብ አድርጉበትና ጠብቁት። ዘርጋ ዘርጋ ይልና እንደገና አረንጓዴ ይሆናል። በበጋ ሞሱ ጠፋ ስትሉ የነበረው ተኝቶ ነው።

ሞስ ሣርን አይገድልም። ሣሩ ሲደክም የተለቀቀውን ቦታ ይይዛል። ሣሩን የሚያደክሙት ነገሮች ደግሞ የታወቁ ናቸው። ጥላ፣ የተኛ ውሃ፣ የተረገጠ መሬት፣ የተራበ አፈር፣ ከሥሩ እየተላጨ መታጨድ። የኛ ሰርዶ ፀሐይ ይወዳል። ባሕር ዛፍና ጥድ ሥር ሰርዶ አስቀምጠን አምሮ እንዲያድግ መጠበቅ አይሆንም። መሬታችን ብዙ ቦታ ዋልካ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲረገጥ ይደደራል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ በጉ የሚታሰርበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነው። እዚያው ላይ ይረገጣል፣ እዚያው ላይ ሞስ ይወጣል።

ስለዚህ መርዝ ረጭታችሁ ሞሱን ብታጠፉት እንኳ ባዶ መሬት ነው የሚተርፋችሁ። ጥላው አለ፣ ውሃው አለ፣ ድድሩ መሬት አለ። በሚቀጥለው በልግ ሞሱ ተመልሶ ይመጣል። የሞተችው ዶሮ ግን አትመለስም።

አሁን ሰዎች ስለሚጠቀሙባቸው ነገሮች ልናገር። ተራ በተራ አልሄድባቸውም፤ የሚያሳስበኝ ላይ እቆማለሁ።

ገበያ ሄዳችሁ «የአረም መድኃኒት» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ቱ ፎር ዲ ነው። ለስንዴና ለጤፍ አረም የሚሆነው ማለት ነው። ቅጠለ ሰፊ አረምን ነው የሚገድለው። ሞስ ላይ አይሠራም። ውሻ ደግሞ ይህን መርዝ ከሰውነቱ ቶሎ ማስወጣት አይችልም፤ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ ይጎዳል። ግላይፎሴት፣ ራውንድአፕ የሚባለው፣ ደግሞ ሣሩን ራሱን ይገድለዋል። ሁለቱም ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

የሚያስፈራኝ ኮፐር ሰልፌት ነው። መዳብ ያለበት፣ ሰማያዊ፣ እንደ ጨው የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ለተክል በሽታ ይሸጣል፣ ለከብት ኮቴ ማጠቢያም ይሆናል። ሞስን ይገድላል፤ እውነት ነው። ግን ወሎ የበግ አገር ነው። በግ ደግሞ ከቤት እንስሳት ሁሉ መዳብን የማይችል እንስሳ ነው። ሌላው እንስሳ የተረፈውን መዳብ በሐሞት በኩል ያስወጣዋል። የበግ ጉበት ግን ያጠራቅመዋል። ትንሽ ትንሽ እየበላ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ምንም ምልክት አያሳይም። ይበላል፣ ይሰባል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ረጅም መንገድ ሲነዳ ወይም ገበያ ቆሞ ሲውል፣ ጉበቱ ያጠራቀመውን በአንዴ ወደ ደም ይለቀዋል። ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈርሳሉ። ዓይኑን ገልበጥ አድርጋችሁ ብታዩ ቢጫ ነው። ሽንቱ ጠቁሮ ቡና ይመስላል። በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ያን ጊዜ እኛ ጋ ቢመጣ የምናደርግለት ነገር ትንሽ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ምን በላ ብለን ብንጠይቅ መልስ አናገኝም፤ የበላው ድሮ ነውና።

ኮፐር ሰልፌት ለዓሣም መርዝ ነው። የደሴ ጎርፍ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። ከታች ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይጠጣዋል። በግ ባለበት ግቢ፣ የበግ ሣር በሚታጨድበት ሜዳ ኮፐር ሰልፌት አይግባ። ይሄን ደግሜ እላለሁ፤ አይግባ።

ሁለተኛው አይረን ሰልፌት ነው። በዓለም ላይ ለሣር ሞስ በብዛት የሚውለው ይህ ነው። ሞሱን በቀናት ውስጥ ያጠቁረዋል፣ ሣሩን ደግሞ ያደምቀዋል። ይሄ እኮ ያው ነፍሰ ጡር እናቶች ጤና ጣቢያ ላይ ከሚሰጣቸው የደም ማነስ ኪኒን ውስጥ ያለው ብረት ነው። «እንግዲያማ ጉዳት የለውም» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ያ ኪኒን ራሱ ሕፃን ብዙ ቢውጠው የሚገድል ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። የተለመደው የአይረን ሰልፌት ዓይነት ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማ ብረት ነው። ውሻ ላይ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ20 ሚሊግራም በላይ ብረት ሲገባ መታመም ይጀምራል። ከ60 ሚሊግራም ካለፈ ለሕይወት ያሰጋል። አሥር ኪሎ የሚመዝን ውሻ እንበል። ለዚያ ውሻ ሦስት ግራም አይረን ሰልፌት ብቻ ይበቃል። ሦስት ግራም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ዶሮማ ምን ትመዝናለች? ጠጠር ጠጠር ያለው ዓይነት ሣር ላይ ሲበተን ዶሮ እህል ነው ብላ ትለቅመዋለች። አንገቷን ደፋ ቀና እያደረገች አንድ በአንድ ስትለቅም አይቻለሁ።

የብረት መመረዝ ያታልላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውሻው ያስመልሰዋል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል። ከዚያ የተሻለው ይመስላል። ይነሳል፣ ጭራውንም ይቆላል። ባለቤቱ «ተመስገን፣ ተወው» ብሎ ይቀመጣል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ጉበቱ ወድቆ ይመጣል። ስለዚህ «ተሻለው» የሚለውን አትመኑ። ባስመለሰው ቀን ይዛችሁት ኑ።

አይረን ሰልፌት ጨርሶ አትጠቀሙ አልልም። ተከራይቶ ሳይሆን በራሱ ግቢ የሚኖር፣ በግም ዶሮም የሌለው፣ ሣሩን ለማንም የማይሰጥ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ባይሆን በውሃ የተበጠበጠውን ይምረጥ፣ ጠጠሩን አይበትን። መጠኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብብ። ዝናብ ሊጥል ሲል አይርጭ። እስኪደርቅ ውሻም ልጅም አይግባበት። የተረፈውን በቁልፍ ያስቀምጥ። ሲሚንቶና ሴራሚክ ላይ ካንጠባጠበ የዝገት ቀለም ጥሎ እንደሚቀር ይወቅ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው እጭድ ለከብት አይሰጥም፣ ለጉዝጓዝም አይሆንም።

በረኪና የሚያፈስም አለ። በረኪና የውሻ መዳፍና የዶሮ እግር ያቆስላል፣ አፈሩንም ይጎዳል። ከአቸቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር የቀላቀለው ሰው ደግሞ የሚታፈንበትን ጋዝ ነው የሠራው። ጨውም አትበትኑ፤ መሬቱን ለዓመታት ያመክነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በጣም የሚያናድደኝ። መርዝ በሃይላንድ ተቀድቶ ይሸጣል። ጽሑፍ የለው፣ ስም የለው። የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያለን ነገር ልጅ ምን ብሎ ይለየዋል? በዋናው ማሸጊያ ላይ ከታች በኩል ባለ ቀለም መስመር አለ። ቀይ ከሆነ እጅግ አደገኛ ነው፤ ቢጫው ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። በሃይላንድ ሲቀዳ ይሄ ሁሉ ይጠፋል። እኛም የታመመ እንስሳ ሲመጣልን ምን እንደጠጣ ሳናውቅ እንቀራለን። በሃይላንድ የሚሰጣችሁን አትግዙ።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ? አብሽሩ፣ መንገድ አለው። ጉልበት ይጠይቃል እንጂ ብር አይጠይቅም።

ጊዜው ከጥቅምት በኋላ ያለው በጋ ነው። ሞሱ ደርቆ ሲኮማተር ባለ ጥርሱን መሰብሰቢያ፣ ሬክ የሚባለውን፣ ወስዳችሁ ጎትቱት። ሬክ ከሌለ መንሽም ይሆናል። ይነቀላል። አይሞትም ካልኳችሁ በኋላ ለምን እዚያው ይተኛል? ሰብስባችሁ አውጡት። መርዝ ስላልነካው ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ይችላል።

ከዚያ ትልቁ ሥራ ይመጣል፤ መሬቱን ማስተንፈስ። አንድ ክንድ የሚሆን ፌሮ ፈልጉና ጫፉን አሹሉት። በየስንዝሩ ወደ መሬት እየወጋችሁ፣ ነቅነቅ እያደረጋችሁ አውጡት። ከጣት የሚረዝም ጉድጓድ ይበቃል። ጉድጓዱ ውስጥ አሸዋና የበሰለ ፍግ ቀላቅላችሁ በመጥረጊያ አስገቡ። አየርም ውሃም ይገባል፣ ሥርም ይከተላል። የዋልካ መሬት በአንድ ዓመት አይለወጥም። በየዓመቱ መደጋገም አለበት። ግን በሁለተኛው ክረምት ልዩነቱን በእግራችሁ ታውቁታላችሁ።

የአሸንዳውን ውሃ ከሣሩ አርቁት። አንዲት ትንሽ ቦይ ትበቃለች። የጥዱን የታች ቅርንጫፎች ቁረጡ፤ የጠዋት ፀሐይ ይግባ። በጉን አንድ ቦታ አትሰሩት፣ ችካሉን በየሁለት ሦስት ቀኑ አዛውሩት። ሣሩን ከሥሩ አትላጩት፣ ሁለት ጣት ያህል ይተረፍለት። በልግ ሲገባ ሰርዶ ቆርጣችሁ ባዶው ቦታ ላይ ትከሉ፤ በዝናቡ ይይዛል።

ጥላው የማይነሳ ቦታስ? የቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ከዓመት ዓመት የማያየው? እዚያ ሞሱን ተዉት። እውነቴን ነው። አይናከስ፣ አያሳክክ፣ ጎርፍ አፈሩን እንዳይወስድ ይይዘዋል። መተላለፊያ ድንጋይ ላይ ሆኖ የሚያዳልጥ ከሆነ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና በብረት ብሩሽ ፈግፍጉት። ልጅና ውሻ ዞር ይበሉ እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

ከዚህ በኋላ ከተሰብሳቢው ጥያቄ ቀረበ።

አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ እኔ አመድ እበትንበታለሁ። ጥፋት ነው?»

ጥፋት የለውም እማማ። የእንጨት አመድ የአፈር ኮምጣጤነትን ይቀንሳል፣ ለሣሩም ምግብ አለው። ግን ስስ አድርገው ይበትኑት፣ ክምር አይሁን። አመድ ሲረጥብ ቆዳ ያቃጥላል፤ የውሻ መዳፍ፣ የጥጃ አፍንጫ ይላጣል። በደረቅ ቀን በትነው ዝናቡ ወደ መሬት እስኪያስገባው እንስሳ ያርቁ። የላስቲክ ቆሻሻ የተቃጠለበት አመድ ግን አይሁን።

አንድ የትምህርት ቤት አትክልተኛ፦ «ዶክተር፣ ኖራስ?»

የግድግዳውን ኖራ ከሆነ የምትለኝ፣ አይሆንም። ዓይንና አፍ ያቃጥላል፣ ኮቴ ይልጣል። ለእርሻ የሚውለው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሌላ ነው፤ እሱ አያቃጥልም። ግን ኖራ ሞስ አይገድልም። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ሣሩን ይረዳዋል። ኮምጣጣ መሆኑን ሳታስመረምር አትበትን። የግብርና ባለሙያ ጠይቅ።

አንድ አባት፦ «በጌ የተረጨ ሣር ቢበላብኝ ወተት ልጋተው?»

አይጋቱት አባባ። በግድ ሲጋት ወደ ሳንባው ይገባል፣ በሌላ በሽታ ይሞታል። ዘይትም አይስጡ፣ እንዲያስመልሰውም አይሞክሩ። መጀመሪያ ከሣሩ ያውጡት። ቆዳው ወይም አፉ ላይ ካለ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይጠቡት፤ እጅዎን በላስቲክ ሸፍነው። ከዚያ በጉንም የመድኃኒቱን ማሸጊያም ይዘው ወደ ክሊኒክ ይምጡ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ልሃጩ እስኪዝረበረብ አይጠብቁ። ከማሸጊያው ላይ የምናነበው ስም ለኛ ግማሽ ሕክምና ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ የመሥሪያ ቤት አትክልተኛ፦ «እኛ ጋ ባለፈው ወር ተረጭቷል። ምን እንደሆነ አላውቅም። ሣሩን የሚወስደው ሰውዬ ነገ ይመጣል።»

ነገ አትስጠው። ደውልለትና ምክንያቱን ንገረው፤ ላም ያለው ሰው ነው፣ ይገባዋል። ግዢ ክፍል ሄደህ የተገዛውን ስም ጠይቅ፣ ባዶው ዕቃ ካለም ፈልገው። ኮፐር ሰልፌት ሆኖ ከተገኘ ከዚያ ሜዳ ለበግ የሚሆን ሣር አይውጣ። ሌላ ነገር ከሆነ ማሸጊያውን ይዘህ ወደ እኔ ና፤ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት አብረን እናነበዋለን።